ስካይሪምን ኑሮ ያለበት ዓለም ለማድረግ፦ የትኛው መንገድ ይሻላችኋል?

ስካይሪም ቤተስዳ የሚባል ድርጅት የሠራው የቪዲዮ ጌም ነው፤ ለገበያ የቀረበው ኖቬምበር 11 ቀን 2011 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዕድሜው ገፍቷል። ሆኖም ዛሬም እንደ አዲስ የሚጀምሩት አሉ፤ ጨርሰውት የሚመለሱበትም ብዙ ናቸው። የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ዓለም የምር ሰው የሚኖርበት እንዲመስለኝ ምን ልጨምርበት?

እኔ ከመጨመር በፊት መቀነስ ይቀድማል ባይ ነኝ። የጌም ዓለም የሚታመነው ሣሩ ስላማረ አይደለም። ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት «ስንቅ ይዣለሁ? ሊመሽ ነው እንዴ? የት ነው የማድረው?» ብላችሁ እንድታስቡ ሲያደርጋችሁ ነው። ዓለሙ ከእናንተ ምንም ካልጠየቀ ፎቶ ነው። ከታች ያሉትን አማራጮች የምመዝናቸው በዚህ መለኪያ ነው። ገንዘብ፣ ኢንተርኔትና የማሽን አቅም ከዚያ ቀጥሎ ይመጣሉ።

ንጽጽሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ መንገድ ልምረጥ። በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ ጌሙ ግሬይቢርዶች ወደሚባሉ መነኮሳት ይልካችኋል። የሚኖሩት ሃይ ህሮዝጋር በሚባል የተራራ ላይ ገዳም ነው። ከተራራው ሥር ኢቫርስቴድ የምትባል መንደር አለች። ከዚያ እስከ ገዳሙ 7,000 ደረጃዎች አሉ ይባላል። መንደሩ ውስጥ ክሊሜክ የሚባል ሰው ለመነኮሳቱ ስንቅ እንድታደርሱለት ይለምናችኋል። ጸሐፊዎቹ መንገዱ ከባድ መሆኑን ሊያሳምኑን ደክመዋል። ያልተነካው ጌም ግን ያንን ድካም ያፈርሰዋል። ደረታችሁ ባዶ ሆኖ፣ በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ፣ እየሮጣችሁ ትወጣላችሁ። መንገድ ላይ ከሚጠብቃችሁ የበረዶ ትሮል ከሚባል አውሬ በቀር የሚያቆማችሁ የለም። አንዴ ከደረሳችሁ በኋላ ደግሞ ካርታ ከፍቶ መጫን ብቻ ነው፤ በሰከንዶች ውስጥ ተራራው ጫፍ ላይ ናችሁ።

አሁን ይህን ተራራ በእያንዳንዱ አማራጭ እንውጣው።

ምንም ሳትጭኑ፣ ምንም ሳትከፍሉ

መጀመሪያ መሞከር ያለበት ይህ ነው። ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል፤ በጣም ያሳዝነኛል። የጌሙ ማስተካከያ ውስጥ ግቡና በጠላትና በቦታ ላይ የሚንሳፈፉትን ምልክቶች አጥፉ። የማነጣጠሪያዋን ነጥብም አጥፉ። ከዚያ ለራሳችሁ ሕግ አውጡ። ፋስት ትራቭል (ካርታ ላይ ተጭኖ በቅጽበት መድረስን) አልጠቀምም በሉ። ሩቅ ቦታ ከሆነ በጋሪ ሂዱ፤ ዋይትረን፣ ሶሊቲዩድ፣ ዊንድሄልም፣ ማርካርዝና ሪፍተን በሚባሉት ከተሞች በር ላይ ባለጋሪ አለ። ሲመሽ ማደሪያ ፈልጉ፤ የእንግዳ ማረፊያ ክፍል በ10 ወርቅ ይከራያል። ሰዓት የሚያሳልፈውን የመጠበቂያ ቁልፍም እርሱት።

ይህ የመጨረሻው ሕግ ቀላል ይመስላል፤ ለውጡ ግን ትልቅ ነው። የስካይሪም ነዋሪዎች የራሳቸው ውሎ አላቸው። ቤተስዳ ይህን አሠራር ይዞ የመጣው በ2006 በወጣው ኦብሊቪየን ነው። ሰዎቹ ይሠራሉ፣ ይበላሉ፣ ይተኛሉ። ሱቆች አብዛኛውን ጊዜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ክፍት ናቸው። ቁልፍ ተጭኖ ሌሊቱን የሚያልፍ ተጫዋች ይህን ሁሉ አያየውም። እናንተ ግን ዕቃ ልትሸጡ ዘግይታችሁ ስትደርሱ ሱቁ ተዘግቷል። ወደ መጠጥ ቤቱ ትሄዳላችሁ። ባለሱቁን እዚያ ልታገኙት ትችላላችሁ። እንዲህ ዓይነቷ ምሽት ማንም ሳይጽፋት የተፈጠረች ታሪክ ናት።

ፒሲ ላይ ከሆናችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በጌሙ ውስጥ ጊዜ ከእኛ 20 እጥፍ ይፈጥናል። ማለትም አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት በ72 ደቂቃ ያልቃል። ከዋይትረን ወጥታችሁ ሁለት ዋሻ ሳትጨርሱ ይመሻል። የጌሙን የትእዛዝ መጻፊያ ከፍታችሁ «ሴት ታይምስኬል ቱ 10» (set timescale to 10) የሚለውን ትእዛዝ ብትጽፉ ቀኑ 144 ደቂቃ ይሆናል። ጠዋትና ማታ ክብደት ያገኛሉ። በጣም ዝቅ አታድርጉት እንጂ፤ የነዋሪዎቹ ውሎ ሊዛባ ይችላል። 10 ጥሩ መካከለኛ ነው።

የዚህ መንገድ ድክመት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሕጉን የሚያስከብረው ራሳችሁ ናችሁ። ሲደክማችሁ ትጥሱታላችሁ። ሁለተኛው ከዚያ ይብሳል፦ ጌሙ የተሠራው በምልክት እንድትመሩ ነው። በ2002 በወጣው ሞሮዊንድ ሰዎች መንገዱን በአፍ ይነግሯችኋል፤ ድልድዩን ተሻገር፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ታጠፍ ይላሉ፤ መዝገባችሁም ይህን ይይዛል። የስካይሪም መዝገብ ግን ብዙ ጊዜ የቦታውን ስም ብቻ ጽፎ ዝም ይላል። ስለዚህ ምልክቱን ሙሉ በሙሉ ካጠፋችሁ የምትጠፉባቸው ቀኖች ይኖራሉ። መውጫው ክሌርቮያንስ የሚባለው አስማት ነው። ጌሙ ውስጥ ያለ፣ የጀማሪ ድግምት ነው። መንገዱን መሬት ላይ በብርሃን ያሳያችኋል፤ ዋጋውም ማጂካ (የአስማት ኃይላችሁ) ነው። ብዙዎች ዋጋ ቢስ ብለው የሚንቁት ይህ ድግምት ምልክት ለሌለው ተጫዋች ወርቅ ነው። ከዓለሙ ሳያወጣችሁ ይመራችኋል።

ተራራውስ? በዚህ መንገድ ስትወጡት በእግራችሁ ትወጣላችሁ፤ ስትመለሱም በእግራችሁ ነው። ርቀቱ ይሰማችኋል። ብርዱ ግን አሁንም የለም።

ሰርቫይቫል ሞድ፦ ቤተስዳ ራሱ የሠራው

በ2017 ክሪኤሽን ክለብ በሚባለው የቤተስዳ የተጨማሪዎች መደብር በኩል ወጣ። በኖቬምበር 2021 የ10ኛ ዓመቱ እትም ሲመጣ ደግሞ ስፔሻል ኤዲሽን (የ2016ቱ የታደሰ እትም) ላላቸው ሁሉ በነፃ ተሰጠ። ፒሲም ይሁን ኮንሶል (ፕሌይስቴሽን ወይም ኤክስቦክስ)፣ ስፔሻል ኤዲሽን ካላችሁ በማስተካከያው ውስጥ ማብራት ብቻ ነው።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ሦስት ነገሮች ይከታተሏችኋል፦ ረሃብ፣ ድካምና ብርድ። ብርድ የጤናችሁን ጣሪያ ይቀንሳል። ረሃብ የስታሚናን (የጉልበታችሁን)፣ ድካም ደግሞ የማጂካን ጣሪያ ያወርዳል። ቁስል በራሱ አይድንም። የምትሸከሙት ክብደት በጣም ይቀንሳል። ፋስት ትራቭል ይዘጋል፤ ጋሪው ግን ይሠራል። ደረጃ የምታድጉት ስትተኙ ብቻ ነው።

አሁን ተራራውን ውጡ። ኢቫርስቴድ ውስጥ ቆማችሁ ልብሳችሁን ትመረምራላችሁ። እያንዳንዱ ልብስ የሙቀት ቁጥር አለው፤ ፀጉር ያለው ከብረቱ ይበልጣል። ትኩስ ሾርባ ትይዛላችሁ፤ ሾርባ ብርድን ያባርራል። የክሊሜክ ስንቅ ሲጨመርበት ሌላ ዕቃ መቀነስ ሊኖርባችሁ ነው። መንገድ ላይ ስትዘገዩ የጤናችሁ መስመር ከጫፉ ማጠር ይጀምራል። ትሮሉ ጋ የምትደርሱት በግማሽ ጤና ሊሆን ይችላል። ገዳሙ በር ላይ ስትደርሱ የእፎይታ ትንፋሽ ትተነፍሳላችሁ። ታሪኩ የነገረን ተራራ በመጨረሻ ተራራ ሆነ።

ለዚህ ነው ለአብዛኛው ሰው ይህን የምመርጠው። ዋጋው ባዶ ነው። የማሽን አቅም አይጠይቅም። ከሌሎች ሞዶች (ጌሙን የሚለውጡ፣ ብዙውን ጊዜ ተጫዋቾች የሚሠሯቸው ተጨማሪዎች) በተለየ የስኬት ሽልማቶችን አያግድም። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ለሚጫወት ሰው ደግሞ ከዚህ የተሻለ ነገር ማግኘት ይከብዳል፤ ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

የሚጎረብጡት ነገሮች አሉት። በቁራጭ አይበራም፤ ወይ ሁሉንም ትወስዳላችሁ ወይ ምንም። ረሃቡን ወድጄ የክብደቱን ቅነሳ ጠላሁ ማለት አይቻልም። ጥማት የለውም። የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ በጣም ይጫናል፤ ቁስል አለመዳኑ ገና መድኃኒት መግዣ የሌለውን ጀማሪ ያንገላታል። ይህ ከባድ ከሆነባችሁ የጌሙን የውጊያ ክብደት አንድ ደረጃ አውርዱና ቀጥሉ። ረሃቡና ብርዱ ከውጊያው በላይ ዓለሙን ያቆማሉና።

አንድ ነገር አስታውሱ። ረሃብና ድካም የሚቆጠሩት በጌሙ ሰዓት ነው። ቀኑን ወደ 144 ደቂቃ ካራዘማችሁት በተጫወታችሁበት ሰዓት ልክ የምትራቡት በግማሽ ይቀንሳል። በየደቂቃው ብሉ እያለ የሚነዘንዘው ስሜት ይጠፋል። ሁለቱን አንድ ላይ ስትጠቀሙ ሚዛኑ በጣም ይጣፍጣል።

በፕሌይስቴሽን ቤት በሰዓት እየከፈላችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። ይህ ቀስ ብሎ የሚሄድ ጨዋታ ነው። ሰዓቱ በገንዘብ ሲቆጠር መንገድ መሄዱ ራሱ ኪሳራ ይመስላል፤ ያኔ ደስታው ይጠፋል።

ሞድ እየመረጡ መጫን

እዚህ የምናወራው በዋናነት ስለ ፒሲ ነው። ሞድ ለኮንሶል የተከፈተው በ2016 ነው። ኤክስቦክስ ዋን 5 ጊጋባይት ተፈቀደለት። ፕሌይስቴሽን 4 ደግሞ 1 ጊጋባይት ብቻ አገኘ። በዚያ ላይ ከውጭ የመጣ ምስልም ድምፅም መጨመር ተከለከለ። ጌሙ ውስጥ ያለውን ማገላበጥ ብቻ ነው የሚቻለው። ከላይ ሰርቫይቫል ሞድን ለፕሌይስቴሽን ተጫዋቾች አጥብቄ የመከርኩት ለዚህ ነው።

ፒሲ ላይ ግን በሩ ወለል ብሎ ክፍት ነው። ኔክሰስ ሞድስ ድረ ገጽ ላይ ለዚህ ጌም የተሠራው ነገር ተቆጥሮ አያልቅም። ችግሩም እሱ ነው። ሰው ገብቶ 80 ሞድ ይሰበስባል፤ ጌሙ መክፈት ሲያቅተው ሁሉንም ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ በየዘርፉ አንድ አንድ ብቻ ምረጡ።

ለብርድና ለረሃብ ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ፍሮስትፎል ከካምፕፋየር ጋር ነው። ካምፕፋየር እንጨት ለቅማችሁ እሳት እንድታነዱና ድንኳን እንድትተክሉ ያደርጋችኋል። ፍሮስትፎል ብርዱን ያመጣል። ከሙቀት ሌላ ከዝናብ መከለልንም ለብቻው ይቆጥራል፤ ርጥብ ከሆናችሁ ብርዱ ይበረታል። በስሜት ደረጃ እስከ ዛሬ የሚስተካከለው ያገኘሁለት የለም። በማዕበል መሃል ጥድ ሥር እሳት ለኩሶ መቀመጥ ዓለሙን የራሳችሁ ያደርገዋል። ግን ዕድሜው የገፋ ሥራ ነው፤ ረሃብንም አይሸፍንም፤ አይኒድ የመሰለ ሌላ ሞድ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ሰንሄልም ነው። ረሃብ፣ ጥማት፣ ድካምና ብርድ በአንድ ላይ አሉት። ቀላል ነው። እያንዳንዱን ለየብቻ ማጥፋትና ማስተካከል ይቻላል። ዛሬ ከባዶ ለሚጀምር የፒሲ ተጫዋች ምርጫዬ ይህ ነው። ድንኳን ካማራችሁ ካምፕፋየርን ከጎኑ ጨምሩበት። ሦስተኛው የቤተስዳውን ይዞ ሰርቫይቫል ሞድ ኢምፕሩቭድ በሚባለው ማቃናት ነው። የቤተስዳውን ለምዳችሁ ሁለት ሦስት ነገር ብቻ ካስጠላችሁ ይህ ይበቃል። ሦስቱን መቀላቀል ግን የለም። ሁለት የብርድ ሞድ አንድ ላይ ከተጫነ ሁለት ጊዜ ነው የምትበርዱት።

ለነዋሪዎቹ ደግሞ ራን ፎር ዩር ላይቭስን ከሁሉ አስቀድማለሁ። ያልተነካው ጌም ውስጥ ዘንዶ መንደር ላይ ሲወርድ ባለሱቁ ጩቤውን መዝዞ ይገጥመዋል። ይሞታል። ከዚያ ሱቁ ባለቤት የለውም። ይህ ሞድ ተራው ሰው ሮጦ ቤቱ እንዲገባ ያደርጋል፤ ሌላ ምንም አይነካም። ትንሽ ነው፣ ከምንም አይጋጭም ማለት ይቻላል፣ የሰዎቹን ባሕርይ ግን ወደ ሰው ያስጠጋዋል። ኢመርሲቭ ሲቲዝንስ የሚባለው ከዚህ አልፎ ውሏቸውን ሁሉ ያሻሽላል። ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ከተማ ከሚያስውቡ ሞዶች ጋር ብዙ ጊዜ ይጋጫል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ፦ የተዋበ ከተማ ወይስ የተሻለ ውሎ? እኔ ውሎውን እመርጣለሁ።

ለመንገድ ኢቨን ቤተር ክዌስት ኦብጄክቲቭስ አለ። መዝገባችሁ ላይ የጎደለውን አቅጣጫ ይጽፍላችኋል። ምልክት አጥፍቶ ለሚጫወት ሰው ከክሌርቮያንስ ጋር ሲጣመር የሞሮዊንድን ስሜት ይመልሳል።

ድምፅን ብዙ ሰው ይረሳል። ኦዲዮ ኦቨርሆል ወይም ኢመርሲቭ ሳውንድስ ከግራፊክስ ሞድ ጋር ሲነጻጸሩ ቀላል ናቸው፤ የቪዲዮ ካርዱን አያስጨንቁም። ዋሻ ውስጥ የእርምጃችሁ ማስተጋባት፣ ጫካ ውስጥ የነፋሱ ፉጨት ሲለወጥ ጌሙ ሌላ ይሆናል። ደካማ ላፕቶፕ ካላችሁ ከግራፊክስ በፊት ድምፁን አሻሽሉ። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫም አትርሱ።

የምትጭኑት የቱም ይሁን ሦስት ነገር አጥብቁ። መሠረታችሁ ስፔሻል ኤዲሽን ይሁን። የ2011ዱ እትም 32 ቢት ስለሆነ ከትንሽ ሜሞሪ በላይ መጠቀም አይችልም፤ ሞድ ሲበዛ ይወድቃል። የ2016ቱ 64 ቢት ነው። ሁለተኛ፣ ስቲም (ጌሙ የሚገዛበትና የሚወርድበት ፕሮግራም) ጌሙን በራሱ እንዳያድሰው አድርጉ። በኖቬምበር 2021 እና በዲሴምበር 2023 የመጡት ማሻሻያዎች ስክሪፕት ኤክስቴንደር በሚባለው የሞዶች ረዳት መሣሪያ ላይ የቆሙትን ሞዶች ሰብረዋል። ሦስተኛ፣ ጨዋታ ከጀመራችሁ በኋላ ስክሪፕት (የራሱ የትእዛዝ ኮድ) ያለበትን ሞድ መሃል ላይ አታውጡ። ያስቀመጣችሁት ጨዋታ (ሴቩ) ይበላሻል። ሃሳብ መቀየር ካማራችሁ በአዲስ ገጸ ባሕርይ ጀምሩ።

ተዘጋጅቶ የመጣ ጥቅል

ዋባጃክ የሚባል መሣሪያ አለ። ሌላ ሰው መርጦ፣ አስማምቶ፣ ፈትኖ ያዘጋጀውን የመቶዎች ሞድ ስብስብ እናንተ ማሽን ላይ እንዳለ ይገነባል። የሚወጣው ጌም አንዳንዴ አዲስ ነው የሚመስለው። ጥራቱን አከብራለሁ።

ለእኛ አገር አንባቢ ግን ሒሳቡ ይከብዳል። ብዙዎቹ ጥቅሎች ከ100 ጊጋባይት በላይ ቦታ ይፈልጋሉ። ኔክሰስ ላይ የሚከፈልበት አባልነት ከሌላችሁ እያንዳንዱን ፋይል በእጃችሁ እየተጫናችሁ ነው የምታወርዱት። በሞባይል ዳታ የማይታሰብ ነው። መብራት ጠፍቶ ማውረዱ መሃል ላይ የተቋረጠበት ሰው ይህን ያውቃል። ውጭ አገር ያላችሁና ያልተገደበ መስመር ያላችሁ፣ ጠንካራ ማሽንም ካላችሁ፣ ሞክሩት። የሰው ምርጫ ውስጥ እንደምትኖሩ ግን እወቁ። አንድ ነገር ካልወደዳችሁት ለብቻው ማውጣት ከባድ ነው።

ግራፊክስ ብቻ

ባለ 4ኬ ቴክስቸር (የነገሮች ገጽ ምስል)፣ ኢኤንቢ (ብርሃንና ቀለም የሚያሳምር መሣሪያ)፣ አዲስ ሣር። ያምራል። የቪዲዮ ካርዱን ሜሞሪ ይበላል፣ የምስሉን ፍጥነት (ፍሬም) ይቀንሳል። ተራራው ይበልጥ ቆንጆ ሆኖ አሁንም ደረታችሁ ባዶ ሆኖ ትወጡታላችሁ። ከሁሉም በኋላ፣ አቅም ከተረፈ ብቻ ጨምሩት። ከዚህ ዘርፍ አንድ ብቻ ውሰዱ ብባል መብራትን የሚያስተካክል ሞድ እወስዳለሁ። ሌሊቱ የምር ሲጨልም ችቦ መያዝ ትርጉም ያገኛል፤ ያ ደግሞ ጨዋታውን ራሱን ይነካል።

ወይስ ሌላ ጌም?

አንዳንዴ መልሱ ስካይሪምን መጠገን አይደለም። ከመጀመሪያው በዚህ ሐሳብ የተሠሩ ጌሞች አሉ።

አውትዋርድን ሳላነሳ አላልፍም። በ2019 የወጣ ነው፤ ናይን ዶትስ የሚባል የኩቤክ ትንሽ ስቱዲዮ ሠራው። እናንተ ጀግና አይደላችሁም። ጌሙ ሲጀምር ዕዳ አለባችሁ፦ በ5 ቀን ውስጥ 150 ብር ካልከፈላችሁ ቤታችሁን ትነጠቃላችሁ (የጌሙ ገንዘብ ብር ነው፣ የብረቱ ብር)። ካርታ አለ፤ ግን የት እንደቆማችሁ አያሳይም። ተራራውንና ግንቡን አይታችሁ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። ቦርሳችሁ ከባድ ከሆነ ውጊያ ላይ መንከባለል ይከብዳችኋል፤ ስለዚህ መሬት ላይ ጥላችሁ ትዋጋላችሁ፤ ከዚያ ተመልሳችሁ ታነሳላችሁ። ስትሸነፉ ጌሙ ወደ ኋላ አይመልሳችሁም። ሌላ ቦታ ትነቃላችሁ፤ ምናልባት ታስራችሁ፣ ምናልባት መንገደኛ አንስቷችሁ።

አስማቱ ደግሞ ልዩ ነው። ማና (የአስማት ኃይል) ይዛችሁ አትወለዱም። ወደ አንድ ተራራ እምብርት ገብታችሁ ከጤናችሁና ከስታሚናችሁ ለዘላለም ቆርሳችሁ ትለውጡታላችሁ። እሳት መወርወር ስትፈልጉ መጀመሪያ መሬት ላይ የእሳት ምልክት ታነጥፋላችሁ፤ እዚያ ላይ ቆማችሁ ብልጭታውን ስትለቁ ነው ኳስ የሚሆነው። አስማት ዋጋ ሲኖረው ይታመናል። በፋንታሲ ጌም ውስጥ ድራጎኑን ሳይነኩ የምር ማድረግ እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ፊቶቹና እንቅስቃሴው ሻካራ ናቸው፤ ግራፊክስ ለሚወድ ሰው ይከብዳል። በአንድ ስክሪን ለሁለት መጫወት መቻሉ ግን አንድ ማሽን ለሚጋሩ ወንድማማቾች ወይም ጓደኞች ትልቅ ነገር ነው።

ድራገንስ ዶግማ 2 በማርች 2024 ወጣ። ሠሪው ካፕኮም በሬ የሚስበው ጋሪ ላይ አሳፈረን፤ በቅጽበት የሚያጓጉዘውን ድንጋይ ውድ አደረገው። ሌሊቱ ጨለማ ነው፤ ፋኖሳችሁ ዘይት ይጨርሳል። በተመታችሁ ቁጥር የጤናችሁ ጣሪያ እየወረደ ይሄዳል፤ የሚመለሰው ሰፈር ጥላችሁ ወይም ማረፊያ ገብታችሁ ስትተኙ ነው። መለኪያዬን በደንብ ያልፋል። ግን ፕሌይስቴሽን 5፣ ኤክስቦክስ ሲሪስ ወይም ጠንካራ ፒሲ ይፈልጋል፤ በተለይ ከተማ ውስጥ ፕሮሰሰሩን በጣም ያስጨንቃል። በጀት ካላችሁ ውሰዱት።

ዊቸር 3ን (2015) የሚያነሱ ይኖራሉ። መንደሮቹና የሰዎቹ ንግግር ከስካይሪም በብዙ ይበልጣሉ። ከመንገድ ምልክት ወደ መንገድ ምልክት ካልሆነ በቀር ፋስት ትራቭል አለመኖሩም ጥሩ ነው። በዲሴምበር 2022 የመጣው ማሻሻያ ትንሿን ካርታ መደበቅ አስችሏል፤ አብሩት። ነገር ግን ዋናው ገጸ ባሕርይ ጌራልት አይራብም፣ አይበርደውም። ለታሪክ ብላችሁ ተጫወቱት። ኪንግደም ካም ዴሊቨራንስ (2018) ደግሞ ምግብ የሚበሰብስበት፣ የቆሸሸ ልብስ ሰው የሚያስንቅበት፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ማንበብ ከባዶ የሚማርበት ጌም ነው። የ1403 ቦሄሚያ ነው፤ ድራጎንም አስማትም የለውም። እነሱ ካልናፈቋችሁ ከሁሉም ይበልጣል።

እንግዲህ ማን ምን ይውሰድ? ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ሰው ሰርቫይቫል ሞድን ያብራ፣ ምልክቶቹን ያጥፋ፣ በጋሪ ይሂድ። መካከለኛ ላፕቶፕና ውስን ዳታ ያለው ሰንሄልምን፣ ራን ፎር ዩር ላይቭስንና አንድ የድምፅ ሞድን ይጫን፤ ቀኑን ወደ 144 ደቂቃ ያራዝም፤ ሌላ ከመጨመሩ በፊት አንድ ሳምንት ይጫወትበት። ስካይሪምን በቃሉ የሚያውቅና የሰለቸው ሰው አውትዋርድን ያውርድ፤ ዕዳውን ከፍሎ ቤቱን ለማትረፍ ይሩጥ። ጠንካራ ማሽንና ፈጣን መስመር ያለው ዋባጃክን ወይም ድራገንስ ዶግማ 2ን ይሞክር።

ገና ስካይሪምን ያልነካችሁት ካላችሁ ደግሞ የመጀመሪያውን ጉዞ ያለ ምንም ሞድ ሂዱት። ምልክቶቹን ብቻ አጥፉ። መጀመሪያ ላይ ካለችው መንደር ከሪቨርዉድ ስትወጡ ዋይትረን የት እንዳለች አንድ ሰው ጠይቁ፤ ከዚያ ወንዙን ይዛችሁ ውረዱ።